አይጥን ስንቆጥር



ስለ አይጥ መጻፌን አይቶ የሚስቅ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ፥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባሌ ተራራዎች ይኖራል፤ ዋና ምግቡም አይጥና ፍልፈል ነው። የቀበሮው ኑሮ በአይጡ ብዛት ላይ ከቆመ ዘንድ አቆጣጠሩ የቀልድ ነገር አይደለም።

አንዳንድ የመመረቂያ ጽሑፍ «30 አይጥ ተያዘ» ብሎ ያልፋል። በስንት ወጥመድ? በስንት ሌሊት? በ50 ወጥመድ በአንድ ሌሊት የተያዘ 30 እና በ100 ወጥመድ በሦስት ሌሊት የተያዘ 30 እጅግ የተራራቀ ነገር ናቸው።

በበኩሌ፥ ለቆጠራ ሲባል የሚገድል ወጥመድ መዘርጋቱን እቃወማለሁ። የሞተ አይጥ ሁለተኛ አይያዝም፤ ትምህርቱ ያለው ግን በሁለተኛው መያዝ ነው። በሣጥን ወጥመድ 40 አይጥ ይዘን፥ ጠጉራቸውን በመቀስ ቆንጠር አድርገን እንልቀቅ እንበል። በሚቀጥለው ጊዜ ከተያዙት 50 መካከል ምልክት ያለባቸው 10 ቢሆኑ፥ 40ን በ50 አባዝተን ለ10 ስናካፍል በቦታው 200 ያህል እንዳሉ እንገምታለን። ይህም አይጡ ወጥመዱን ካልፈራ ወይም ካልወደደ ነው። ፈርተው 5 ብቻ ቢመለሱ ስሌቱ 400 ይላል፤ የኦቾሎኒውን ጣዕም ለምደው 20 ቢመለሱ 100 ይላል። አይጦቹ ግን እነዚያው ናቸው! ስለዚህ ለብዙ ቀን እየደጋገሙ መያዝ ይገባል።

የሰዓቱም ነገር አለ። አይጥ ሁሉ በሌሊት ይወጣል ብሎ ማታ አጥምዶ ጧት የሚሰበስብ ተማሪ ሳነቴ ላይ ይሳሳታል፤ እዚያ ቀበሮው ከሚያድናቸው አይጦች ዋነኞቹ በቀን የሚንቀሳቀሱ ናቸውና። ወደ 4000 ሜትር በሚደርሰው በዚያ ከፍታ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ከሣጥኑ ውስጥ ጥጥና በቂ ምግብ ያላኖረ ሰው ጧት የሚያገኘው ሬሳ ነው። (ጥጥ ያን ያህል ውድ አይደለም።) ቀን ደግሞ ፀሐይ ብረቱን ስለሚያግለው ቶሎ ቶሎ እየዞሩ መጎብኘት ግድ ነው።

ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋው የባሌ ትልቅ ፍልፈል ግን ለአይጥ በተሠራ ሣጥን አይያዝም። እርሱን ለመገመት አዲስ የወጣ አፈርና ገና የተደፈነ ጉድጓድ እየፈለጉ በእግር መዞር ያስፈልጋል። ለዚህ የአገሩ እረኛ ከእኛ ይበልጣል፤ የትናንቱን ድፍን ከከረመው ለይቶ ያውቃል። የመስክ ጉዞ በጀት ሲወጣ የነዳጅ ሒሳብ አይረሳም፤ የእረኛው አበልስ ለምን ይረሳል?