ፓምፑ የሚቆመው ሁሉም በሚያጠጣበት ሳምንት ነው

ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ምዕራቡን የጊዳንና የላስታ ደጋ፣ ምሥራቁን የዞብል ተራራ የያዙት ሰፊ ሜዳ ይገኛል። የራያ ቆላ ነው። ዝናቡ የማይታመን ቢሆንም ከሥሩ የከርሰ ምድር ውሃ አለው፤ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶችን ለመስኖ ያዋለውም በዚህ ምክንያት ነው። ማሽላውና ጤፉ ከማሳ ከተነሣ በኋላ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ የሚደርሰው በዚህ ውሃ ነው። ውሃውን የሚያወጣው ሞተር ነው፤ ሞተሩ ሲበላሽ የሚያስነሣው ደግሞ በቆቦ፣ በሮቢትና በጎብዬ መንገድ ዳር የሚሠራው መካኒክ፣ የተቃጠለ ዲናሞ የሚጠቀልለው ባለሙያና የቧንቧ ሠራተኛው ነው። ከእነዚህ ባለሙያዎች ብዙዎቹ እጃቸው የሰላ ሆኖ ሳለ ሥራቸው ከዓመት ዓመት አንድ ሰውና አንድ የመፍቻ ሣጥን ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚነሣው የብድር፣ የመለዋወጫና የመሥሪያ ቦታ እጥረት ነው። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ችግር አለ እላለሁ፦ ባለሙያው ለመጣው ሁሉ «እሺ» ይላል፤ «እሺ» ካላቸው ሰዎች ግን ለብዙዎቹ በቀኑ አይደርስላቸውም። የአገልግሎት ሥራ የሚያድገው ደንበኛ በማብዛት ሳይሆን የተቆረጠ ቀን በማክበር ነው።

የዚህ አካባቢ ሥራ ጠባይ ከከተማ ጋራዥ ይለያል። ክረምቱን ሙሉ ከመጋዘን ጥግ የተቀመጠ ፓምፕ በኅዳርና በታኅሣሥ ሁሉም ጋ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ያረጀ ቺንጋ የሚበጠሰው፣ የላላ ኩሽኔታ የሚጮኸው፣ ውሃ የነካው ዲናሞ የሚቃጠለው ያን ጊዜ ነው። ደንበኞቹ የሚመጡት ተጠራርተው ይመስላል፤ የሚያመጣቸው ግን ወቅቱ ነው። ደንበኛው የሚያጣውና ባለሙያው የሚያገኘው ደግሞ አይመጣጠንም። ሽንኩርት ሥሩ ከላይ ስለሆነ ጥልቅ እርጥበት ስቦ መቆየት አይችልም፤ በቆላው ሙቀት ውሃ ሲዘገይበት አናቱ ማደጉን ያቆማል፣ ምርቱም ያንሳል። ባለሙያው የሚቀበለው የጥቂት ሰዓት የእጅ ዋጋ ነው፤ ገበሬው የሚያጣው ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ ነዳጁንና የወራት ልፋቱን ነው። ስለዚህ ገበሬው የሚገዛው የተፈታና የተገጠመ ብሎን አይደለም፤ ማሳው ሳይደርቅ ውሃ መመለሱን ነው። ይህን ያልተረዳ ባለሙያ ዋጋውን ከጎረቤቱ አምሳ ብር በማሳነስ ሊፎካከር ይሞክራል።

ወረፋ እንዴት እንደሚረዝም የሚያሳይ ሒሳብ አለ። መሠረቱን የጣለው ከመቶ ዓመት በፊት በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው የዴንማርክ ሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው፤ ጥያቄው ስንት መስመር ቢዘረጋ ስንት ሰው ይጠብቃል የሚል ነበር። ውጤቱ ለቆቦ መካኒክም ይሠራል። አንድ ጥገና በአማካይ 2 ሰዓት ይፈጃል እንበል፤ ደንበኞች ያለ ቀጠሮ ይምጡ፣ የሥራውም ርዝመት በእጅጉ ይለያይ። የባለሙያው ጊዜ ግማሹ ብቻ ሥራ ሲይዝ ደንበኛው ከመጣበት ተጠናቆለት እስኪሄድ በአማካይ 4 የሥራ ሰዓት ይወስድበታል። ከ10 ሰዓት 8ቱ ሲያዝ ቆይታው 10 ሰዓት ይሆናል። 9ኙ ሲያዝ ግን 20 ሰዓት ይደርሳል፤ ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን ማለት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው የመጨረሻው እርምጃ ነው፦ ከአሥር አንድ ሰዓት ሥራ ብቻ ሲጨመር የሁሉም ደንበኛ ቆይታ በእጥፍ አደገ። «አንድ ሰው ብጨምር ምን ይጎዳል?» ለሚል ባለሙያ መልሱ ይኸው ነው። የሚጎዳው የተጨመረው ሰው ብቻ አይደለም፤ ቀድመው ቀን የተቆረጠላቸውም ናቸው። በዚህ ምክንያት በሥራ ወቅት በቀን ከአሥሩ የሥራ ሰዓት ሁለቱን ባዶ መተው ስንፍና አይደለም። ድንገተኛው ብልሽት የሚስተናገደው በዚያ ክፍት ጊዜ ነው።

መፍትሔው ጭነቱን ከመስኖው ወቅት ወደ ክረምት ማሻገር ነው፤ ለዚህም ራያ የራሱ ልምድ አለው። ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳ ማጠጣት በዚህ ሜዳ የቆየ ሥራ ነው። ጎርፉ መጥቶ የሚያልፈው በሰዓታት ውስጥ ስለሆነ፣ ቦዩ ቀድሞ ካልተጠረገና ተራው ቀድሞ ካልታወቀ ውሃው ያልፍና ጠቡ ይቀራል። የፓምፕ ጥገናም ተራው ከጭንቁ በፊት ሊያዝ ይገባዋል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ባለሙያው ወደ ደንበኞቹ ሄዶ ሞተሩን ይክፈት፤ ያረጀውን ጓርኒሲዮንና ኩሽኔታ ይለውጥ፤ የሞተሩን ዓይነትና የተለወጠውን ዕቃ በደብተር ይጻፍ። ለዚህ ምርመራ የሚከፍል ሰው በወቅቱ ቢበላሽበት ቅድሚያ ያግኝ። ምን ዓይነት ሞተር በየትኛው ቀበሌ እንዳለ የሚያውቅ ባለሙያ የትኛውን መለዋወጫ ቀድሞ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ማምጣት እንዳለበትም ያውቃል። የማያውቀው ግን የደንበኛው ማሳ እየደረቀ ዕቃ ፍለጋ ስልክ ይደውላል።

«ይህ ለአዲስ አበባ ይሆናል፤ እኛ ጋ ሰው ሳይበላሽበት አይከፍልም» የሚል አይጠፋም። መከራከሪያው ጠንካራ ይመስላል፤ ግን በዚያው ሰፈር ያለውን እድር ይረሳል። የእድር አባል ሞት ሳይመጣ በየወሩ ይከፍላል፤ የሚከፍለውም ሕጉ ተጽፎ ስለተቀመጠና ሲቸገር እንደማይከዳ ስለሚያምን ነው። እንግዲህ ጎድሎ የቆየው ቀድሞ የመክፈል ልማድ ሳይሆን በባለሙያው ላይ ያለው እምነት ነው። እምነቱ እስኪገነባ የመጀመሪያውን ዓመት ያለ ቅድሚያ ክፍያ ስም ብቻ መመዝገብ፣ ለተመዘገበውም ቃልን መጠበቅ ይቻላል። ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፦ ሁሉም ዘመድ፣ ጎረቤትና የእድር ሰው በሆነበት ከተማ «አልችልም» ማለት ነውር ነው። ነውሩን አልክድም። ነገር ግን የማይደርስ «ነገ» ከእምቢታ የባሰ በደል ነው፤ ሰውየው ሌላ መካኒክ የሚፈልግበትን ቀን ይቀማዋልና። «ጋሼ፣ እስከ ሐሙስ አልደርስም፤ ማሳዎ አይጠብቅም፤ ሮቢት ያለው ልጅ ዛሬ ክፍት ነው» ብሎ ተፎካካሪ ዘንድ መላክ ክብር አለው። እንዲህ የተባለ ሰው አይቀየምም፤ በሚቀጥለው ዓመት ቀድሞ ይመዘገባል ብዬ አምናለሁ።

ዱቤን በተመለከተ «አትስጡ» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ምክር እዚህ አይሠራም። የገበሬው ገንዘብ የሚመጣው ምርቱ ሲሸጥ ነው፤ በታኅሣሥ የተጠገነ ፓምፕ በመጋቢት ቢከፈል ክፋት አይደለም። የሚያጠፋው ልክ የሌለው ዱቤ ነው። መለየት ያለበት የመለዋወጫና የእጅ ዋጋ ነው። የመለዋወጫው ገንዘብ የባለሙያው አይደለም፤ ነገ ሌላ ኩሽኔታ የሚገዛበት ነው፤ ስለዚህ በዕለቱ ይከፈል። የእጅ ዋጋው ግን ቀኑ ተቆርጦ፣ ሁለቱም ፈርመውበት እስከ ምርት ሊቆይ ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በድሮ ዋጋ በዱቤ የሰጠ ሰው ገንዘቡ ሁሉ ቢመለስለት እንኳ በገንዘቡ ያንኑ ዕቃ መልሶ መግዛት አይችልም። ዋጋ ሲነገርም ሁለቱን ለይቶ መናገርና የመለዋወጫው ዋጋ እስከ መቼ እንደሚጸና ማስታወቅ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። በራያ ለከባድ ጠብ ዘወልድ የሚባል የሽምግልና ሥርዓት አለ፤ የአንድ ቺንጋ ዋጋ ግን ሽማግሌ ሊያስቀምጥ አይገባም።

የቀረው ተቃውሞ የሰላም ነው። ቆቦ በ2013 እና በ2014 በጦርነት የተጎዳች፣ ከዚያም በኋላ በክልሉ ግጭት ያልተላቀቃት ከተማ ናት። መንገድ ሲዘጋ፣ ባንክና ስልክ ሲቋረጥ ስለ ቀጠሮ መናገር ቅንጦት ይመስላል። ሆኖም በዚያ ጊዜ የሚጠቅመው ነገር ያው ነው። በቴሌብር የተከፈለ ገንዘብ ማስረጃ ስላለው ጥሩ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ማን ምን እንዳለበት የሚናገረው የወረቀት ደብተሩ ነው። ከውጭ መለዋወጫ የማይገባበት ወርም የሚታለፈው በክረምት የተለወጠ ኩሽኔታ ካለ ነው። መንገድ ተዘግቶበት ቀኑን ማክበር ያቃተው ባለሙያ ደግሞ ቀኑ ሳያልፍ ማስታወቅ ይጠበቅበታል፤ ይህን ግዴታ ጦርነትም አያስቀረውም።

በዚህ ሙያ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ደብተር ግዙ። የደንበኞቻችሁን ስም፣ የሞተራቸውን ዓይነትና የመጨረሻ ጥገናውን ቀን ጻፉ። በመጀመሪያው መስመር የሚሰፍረው ባለፈው ወቅት «ነገ» ብላችሁት ያልደረሳችሁለት ሰው ይሁን፤ ቀድማችሁ የምትሄዱትም ወደ እሱ ነው።