ለገዳሪፍ ምእመናን ማን ይላክ?

ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ በጋላባትና በዶካ በኩል በምሥራቅ ሱዳን ወዳለችው ገዳሪፍ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በሰሊጡና በማሽላው እርሻ ውስጥ፣ በከተማይቱ ጎዳና ዳር ቡናና ሻይ አፍልተው በሚሸጡት እኅቶቻችን ዘንድ፣ እንዲሁም በኡም ራኩባና በቱናይድባ የስደተኞች መጠለያዎች፣ ካህን የሚናፍቅ ብዙ ወገን አለን። ስለዚህ በአዲስ አበባና በጎንደር አጥቢያዎች፣ በባሕር ማዶም ባሉት ማኅበሮቻችን ዘንድ፣ ወደዚያ ሐዋርያዊ ጉዞ እናድርግ፣ ገንዘብም እናሰባስብ የሚል አሳብ ሲነሣ የተቀደሰ አሳብ ነው። የእኔ ጥያቄ ማን ይላክ፣ የሚሰበሰበውስ ገንዘብ በምን ላይ ይዋል የሚል ነው።

በአገር ውስጥ የለመድነው ሐዋርያዊ ጉዞ፣ አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ዘማርያንንና መምህራንን ይዞ፣ በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሦስት ቀን አስተምሮና አጽናንቶ መመለስ ነው፤ ይህም ካህን ባለበት አጥቢያ መልካም ፍሬ ያፈራል፤ የተዘራውን የሚኰተኵት አለና። በቂ እረኛ በሌለበት በባዕድ ምድር ግን፣ ምእመናን ከጉሮሯቸው ቀንሰው ያዋጡት ገንዘብ አብዛኛው በተጓዦቹ ቪዛ፣ ትራንስፖርትና ማደሪያ ያልቃል፤ እንግዶቹ በተመለሱ በሳምንቱ የሞተው ያለ ፍትሐት ይቀበራል፤ የተወለደውም ሕፃን በ40 ወይም በ80 ቀኑ የሚያጠምቀው ያጣል።

አባቶቻችን በዚህ ነገር የተዉልን ምሳሌ ሌላ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጢሮስ የመጣው ፍሬምናጦስ፣ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር በአክሱም ቤተ መንግሥት አድጎ ባለሟል ከሆነ በኋላ፣ ለንግድ የመጡትን የሮም ክርስቲያኖች እየፈለገ የሚጸልዩበትን ስፍራ ያዘጋጅላቸው ነበር፤ ኋላም ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለእነዚህ ምእመናን ጳጳስ እንዲላክላቸው ቅዱስ አትናቴዎስን በለመነ ጊዜ፣ አትናቴዎስ አገሩንና ሕዝቡን ከለማኙ ይልቅ የሚያውቅ እንደሌለ አይቶ ለማኙን ራሱን ሾሞ ላከው፤ እርሱም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው አባታችን ነው። የገዳሪፍ ነገር ከዚህ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ከሰሊጥ አጫጆቹና ከስደተኞቹ መካከል ቅኔ ቤት የዋለ፣ ዲቁና የተቀበለ፣ ዓረብኛም የሚናገር አይጠፋም፤ እርሱን ፈልጎ ማግኘት፣ ሥልጣነ ክህነት በሚሰጡት አባቶች ማስመርመር፣ ተመልሶ ከወገኖቹ ጋር በሚኖርበትም ዘመን ቀለቡንና ልብሱን መቻል ነው ታላቁ ተልእኮ።

የዚያ አገር ኑሮ ምን እንደሚጠይቅ ያላወቀ ሰው ዕርዳታ ሲያሰባስብ ይሳሳታል። የገዳሪፍና የመተማ ምድር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የምትጠለለውም የአሸዋ ዝንብ ሌሊት በሜዳ የተኛውን አጫጅ ነክሳ ካላዛር የተባለውን በሽታ ታስተላልፍበታለች። ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቀውም፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ሥጋው ይመነምናል፤ ካልታከመም ይሞታል። በምሥራቅ አፍሪካ ለዓመታት የተሠራበት ሕክምና 17 ቀን ሙሉ በየዕለቱ መርፌ መወጋትን ይጠይቃል። ከደጋ ወርዶ ዘመድ በሌለበት አገር ለታመመ ወጣት፣ በእነዚያ 17 ቀናት አጥሚት የሚያቀርብለት፣ ከሐኪሙ ጋር በቋንቋ የሚያግባባው፣ ፍርሃት ሲይዘውም ጸሎት የሚያደርስለት ማን ነው? አንድ ካህን በዚያ አልጋ አጠገብ እንዲቀመጥ የሚያስችል ገንዘብ፣ ለመቶ ተጓዥ ቲሸርት ከሚወጣው ገንዘብ አብልጦ ወንጌልን ይሰብካል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

የተልእኮው መሪ የሚሆነው ሰው የአስተናጋጆቹን የሱዳናውያንን ክብርም ማወቅ አለበት። ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን በረሃብና በደዌ የረገፉበት ስፍራ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከ60,000 በላይ ሰዎች ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው ወደ ምሥራቅ ሱዳን በገቡ ጊዜ፣ የሐምዳይት መንደርተኞች እነርሱ ራሳቸው ድሆች ሳሉ እንጀራቸውን አካፍለዋቸዋል። በዚያ አገር ከእስልምና መውጣት እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበርና፣ እንግዳ በችኰላ የሚያድለው ጽሑፍ ጣጣው በዚያ ለሚቀሩት ምእመናን ይተርፋል። የተልእኮው ሥራ የራስን መንጋ መጠበቅ መሆኑን መሪው ከመነሻው ለተከታዮቹም፣ ለለጋሾቹም በግልጥ ሊናገር ይገባዋል።

ስለ ገንዘቡ አያያዝ ቅዱስ ጳውሎስ ሥርዓት ሠርቶልናል። በመቄዶንያና በአካይያ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን መዋጮ ሲያሰባስብ፣ ሰው ሁሉ በየሳምንቱ እንደ አቅሙ እንዲያስቀምጥ አዘዘ፤ ገንዘቡንም ነቀፋ እንዳይመጣ ብሎ አብያተ ክርስቲያናት ከመረጧቸው ሰዎች ጋር እንጂ ብቻውን አልያዘውም። ሐዋርያው ይህን ካደረገ፣ የዛሬው አስተባባሪ በግል የባንክ ሒሳብ ገንዘብ የሚሰበስብበት አንዳች ምክንያት የለውም፤ ሒሳቡ በሰበካ ጉባኤው ስም ይከፈት፤ ገቢና ወጪውም በዐውደ ምሕረት ይነበብ።

በሱዳን ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነደደው ጦርነት፣ በወገናችንም በኩል የጎንደርና የመተማ መንገድ የደረሰበት ሥጋት እያለ፣ ወጣቶችን ጭኖ ወደዚያ መንዳት ኃላፊነት የሚሰማው መሪ የሚያደርገው አይደለም። ነገር ግን መዋጮው ሰላም እስኪመጣ የሚቆይበት ምክንያት የለም፤ ከሱዳን ሸሽተው በመተማ በኩል የገቡ ስደተኞች በቅርባችን አሉ፤ በዚያ ማዶ የቀሩትም አገልጋዮች ዕጣን፣ ዘቢብ፣ መጽሐፍና መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል፤ ይህም ሁሉ ክረምት ገብቶ ዋልካው መንገዱን ሳይዘጋው፣ ከግንቦት አስቀድሞ ሊደርሳቸው ይገባል።