የአዲስ መኪና ፍሪሲዮን ቶሎ ሲያልቅ ጥፋቱ የማን ነው?

ገና 20 ሺህ ኪሎሜትር ያልሞላ መኪና። የወንበሩ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። ግን ከወለቃ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም፣ የሚቃጠል ነገር ይሸታል። ጋራዥ ሲገባ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ይባላል። ሻጩ «አነዳድህ ነው» ይላል፤ ገዢው «ብልሽት ያለበት ዕቃ ሸጣችሁልኝ» ይላል።

ይህ ክርክር መኪና ባለበት ሁሉ አለ። ጎንደር ላይ ግን ይብሳል። ለምን? እንየው።

መጀመሪያ አየሩ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያለፈች ከተማ ናት። ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ እንደ ሱዙኪ ዲዛየር ያለ 1.2 ሊትር ሞተር ደባርቅ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው።

አሁን 5 ሰውና ሻንጣ ጫኑበት። ዳገት ላይ ለመነሳት ሾፌሩ ነዳጅ ይጨምራል፣ ፍሪሲዮኑን ደግሞ በግማሽ ይይዘዋል። ያኔ ዲስኩና ቮላኖው ይፋጫሉ፣ ይግላሉ። ፍሪሲዮን የሚያልቀው በኪሎሜትር ብዛት ሳይሆን በዚህ መፋጨት ነው። ሜዳ ላይ 100 ሺህ ኪሎሜትር የሚሄደው፣ ዳገትና ወረፋ ላይ በጥቂት ወራት ሊያልቅ ይችላል። የነዳጅ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት በፍሪሲዮን ከያዛችሁት፣ እየበላችሁት ነው። ለዚህ የእጅ ፍሬን አለ።

ልማሊሞን ስትወርዱ ደግሞ ፍሪሲዮን ረግጦ መንሸራተት አደጋ ነው። ሞተሩ መኪናውን መያዝ ያቆማል፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑ ይግላል። 2ኛ ማርሽ አስገብታችሁ ውረዱ።

በእርግጥ አልቋል ወይ?

«አልቋል» ስለተባለ ብቻ ካምቢዮ አታስወርዱ። ምልክቶቹ ይለያያሉ።

ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት ካልጨመረ ዲስኩ እያንሸራተተ ነው። ግን የፍሪሲዮኑ ገመድ ከመጠን በላይ ተወጥሮም ይህ ሊመጣ ስለሚችል፣ መጀመሪያ ገመዱ ይታይ። ማስተካከሉ ካምቢዮ ከማውረድ ጋር አይወዳደርም።

ማርሽ እየተንቋቋ አልገባ ካለ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ እየለቀቀ አይደለም። ገመዱ ላልቶ ወይም (በዘይት የሚሠራ ከሆነ) ዘይቱ ጎድሎ፣ አየር ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ፔዳሉን ስትረግጡ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ብዙ ጊዜ የኩሽኔታ ነው። ስትነሱ መኪናው ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ዲስኩ ላይ ዘይት ፈሶ ሊሆን ይችላል።

ቀላል ሙከራ አለ፤ አንዴ ብቻ ይበቃል። ከፊት ባዶ የሆነ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ያዙ፣ 3ኛ ማርሽ አስገቡ፣ ትንሽ ነዳጅ እየሰጣችሁ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ይይዛል። ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ያንሸራትታል።

ዛሬ ለምን በጣም ያማል?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ አግዷል። ስለዚህ አሁን ገበያ ላይ ያለው «አዲስ ማንዋል» አብዛኛው ቀድሞ የገባ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር 100 ብርን ተሻገረ። መለዋወጫ በዶላር ነው የሚገባው። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መንገድ ከተዘጋ ደግሞ መኪናው ይቆማል። በእቁብና በብድር ገዝቶ ታክሲ ለሚሠራ ወጣት መኪናው ቆመ ማለት እንጀራው ቆመ ማለት ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፣ ልክ ነው። ግን የመሙያ ጣቢያ በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው። የሰሜን ጎንደር ሾፌር ገና ብዙ ዓመት ከፍሪሲዮን ጋር ይኖራል።

ሕጉስ?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይላል። ጋራንቲ ካለ ደግሞ እሱ ተጨማሪ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ብዙ ጋራንቲ የፍሪሲዮን ሸራን እንደ ጎማና ፍሬን ሸራ «በአገልግሎት የሚያልቅ» ብሎ ያስቀረዋል። ኩሽኔታ ቢሰበር፣ ዘይት ቢያፈስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ማስረጃ ያዙ። ምልክቱ በታየ ቀን ቪዲዮ ቅረጹ፣ ለሻጩ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ኮፒው ላይ ማኅተም አስደርጉ። ሲፈታ እዚያው ቁሙ፣ አሮጌውን ዲስክ ተቀበሉ። ዲስኩ እኩል አልቆ ቮላኖው ሰማያዊ ሆኖ ከተቃጠለ ሙቀት ነው፤ ክርክሩ ለእናንተ ይከብዳል። ዲስኩ በዘይት ከራሰ ወይም የዲስኩ ሞላ ከተሰበረ ግን «አነዳድህ ነው» የሚለው መልስ አይበቃም።

ያገለገለ ከደላላ የምትገዙ ከሆነ ሊብሬውን ከማየት እኩል ዳገት ላይ አስነሱት። ሙከራ የሚፈሩ ከሆነ እናንተም ፍሩ።

የእኛ አቋም ይህ ነው። ሾፌሩ የዳገት አነዳድ ይማር፤ ሻጩም ፍሪሲዮን በጋራንቲው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት በአማርኛ ይጻፍ። ደባርቅ 2,800 ሜትር ላይ እንደሆነች ሁለቱም አስቀድመው ያውቃሉ።