ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር

ከአዲስ አበባ እስከ አስመራ በአየር ስንት ነው? ካርታ ላይ ማስመሪያ ያኖረ ሰው 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ያገኛል። አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት እምብዛም በማይበልጥ ጊዜ ይደርሳል። በደሴና በመቀሌ የሚወጣው የመኪና መንገድ እንኳ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው።

ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና ቁጥርን አልንቅም። ይህ ቁጥር ግን ማስረጃው ያልተያያዘ ሒሳብ ይመስለኛል። ከግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ድረስ በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥታ በረራ አልነበረም። መሄድ ግድ የሆነበት ሰው በካይሮ፣ በሰንዓ ወይም በዱባይ በኩል ይዞር ነበር። የካይሮውን እንደምር፦ ወደ ሰሜን 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ደቡብ 1,800 ያህል። ስድስት እጥፍ! ይህ ቪዛውንና የአዳር ጥበቃውን ሳንቆጥር ነው።

የሚገርመው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያረፈው አስመራ ላይ ነበር። ያኔ ለካይሮ መንገደኛ አስመራ መተላለፊያ ነበረች፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ካይሮ የአስመራ መተላለፊያ ሆነች።

ከግጥሞቻችን ጋር ያለኝ ቅሬታ የሚነሣው ከዚህ ነው። ስለ መለያየት ስንጽፍ ውቅያኖስ እንደረድራለን፤ ናፍቆት የሚለካው በርቀት ብዛት ይመስል። ዋሽንግተን ያለ ወንድም በእርግጥ ርቋል፤ ልብም አውቆት ይቆርጣል። የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ሆኖ የማይደረስ ወንድም ግን ልብን በየቀኑ ያታልላል። ስልኩም ተቋርጦ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ አንዲት ጎረቤታችን የእናታቸውን መርዶ የሰሙት ሮም ካለች እኅታቸው ነው። ወሬው ከአስመራ ሜዲትራንያንን ተሻግሮ፣ መልሶ ተሻግሮ መጣ። ከዚህ የበለጠ ምን ውቅያኖስ ያስፈልገናል? አንድ ጊዜ እንዲህ ሞክሬ ነበር፦

አንዲት ሰዓት ነበረች በመካከላችን፤
ሃያ ዓመት ፈጀብን እሷን መሻገራችን።

አባቶቻችን «የሦስት ቀን መንገድ» ሲሉ የሚቆጥሩት የተራመደውን እግርና የደከመችውን በቅሎ ነበር። ወንዝ ቢሞላ ቀኑ አራት ይሆናል፤ ቁጥሩ አብሮ ይለወጣል። የበረራ ሰዓት ግን መንገዱ ቢዘጋም ያው ነው። ስለዚህም የቀደመው አለካክ ለእኔ ይበልጥ እውነተኛ ነው።

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በረራው ሲከፈት ተሳፋሪው ከመብዛቱ የተነሣ ሁለት አውሮፕላኖች በደቂቃዎች ልዩነት ተነሡ። ሰው እየዘፈነ፣ እያለቀሰ ተሳፈረ። ስድስት ዓመት ከቆየ በኋላ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በረራው እንደገና ተቋረጠ፤ አየር መንገዱ ከአቅሙ በላይ የሆነ የሥራ ሁኔታ ገጥሞኛል አለ፤ አስመራ ያለውን ገንዘቡንም ማንቀሳቀስ እንዳልቻለ ተናገረ። (በሙያዬ ምክንያት ይሆናል ይህችኛዋ ይበልጥ የገባችኝ፤ ገንዘብ መንቀሳቀስ ካቃተው ሰው መከተሉ አይቀርም።)

ስለ ጦርነቱ ብዙ ተጽፏል። በካይሮ አውሮፕላን ማረፊያ አግዳሚ ላይ ስላደሩት፣ ወደ ቤታቸው ለመድረስ ከቤታቸው ስለ ራቁት ግን ያነበብሁት እጅግ ጥቂት ነው። ከእናንተ መካከል በዚያ ያለፈ ካለ፣ እባካችሁ ያንን ሌሊት ጻፉት።