የጉማራ አፍ በክረምት ለመረብ ይዘጋ!

ሲፓዳን የምትባል የማሌዥያ ደሴት አለች። በእግር ዞሮ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የባህር ኤሊዋና በመንጋ የሚሽከረከረው ባራኩዳ የተባለ ዓሣዋ ከዓለም ዙሪያ ጠላቂ ይስባሉ። እንዲህ ያለ ደሴት ፎቶ በየገጹ ሲዞር ከሥሩ የዳህላክ ቁጭት ይከተላል። ዳህላክ ከሄደ ከ30 ዓመት በላይ ሆነ። ለሄደው ከሚለቀሰው ሩቡ እንኳ ላለው ቢታሰብ ጣና እዚህ ባልደረሰ።

ጣና ውስጥ የሚጠልቅ ቱሪስት የለም። ከየተራራው ታጥቦ የሚገባው አፈር ውሃውን አደፍርሶታል፤ ከሥር ያለው አይታይም። ስለ ሐይቁ ሲወራ ገዳማቱና እምቦጩ ይነሳሉ፤ ዓሣው የሚታወሰው ሳህን ላይ ሲቀርብ ነው። ያ "ነጭ ዓሣ" ተብሎ በጅምላ የሚበላው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። 15ቱ ዝርያ ከጣና በቀር በዓለም የትም የለም። 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው ጢስ ዓባይ ከታች ዓሣ ወደ ላይ አያሳልፍም፤ ሐይቁ የራሱን ዘር ለብቻው አበዛ። የእነዚህ ዓሦች ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። እንዲያም ሆኖ ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። ሳይንቲስት ከአውሮፓ ድረስ መጥቶ ዓመታት ያጠናው ይህን ነው፤ የባህር ዳር ልጅ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ አይሰማውም።

ታዲያ ምን እየሆኑ ነው? ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ዝርያዎች እንቁላላቸውን ይዘው ወደ ወንዝ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ጉማራ፣ ርብ፣ ገልዳ፣ መገጭ። ከዚያ ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ፣ ወራጅ ውሃ ውስጥ ይጥላሉ። አስጋሪውም ይህን ስለሚያውቅ መረቡን እዚያው አፉ ላይ ይዘረጋል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ፍልሰታ አለ። በፍልሰታ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለሊቃውንቱ ይቆይ፤ መረቡ የሚያወጣው ግን ያልተወለደውንም ጭምር ነው። ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ እ.ኤ.አ. በ1986 ከገቡ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ብቻ የእነዚህ ዓሦች መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ ወርዷል። ያኔ እምቦጭ ገና አልመጣም ነበር፤ ሁሉን በእምቦጭ ማሳበብ አይቻልም።

ከሲፓዳን ባህር ማዶ የፊሊፒንሷ ሚንዳናው አለች። እዚያ ላናኦ የሚባል ሐይቅ እንደ ጣና የራሱ ብቻ የሆኑ፣ የዚሁ ወገን ዓሦች ነበሩት። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ከዚያ ሐይቅና ከመውጫ ወንዙ 15 ዝርያ ጠፍቷል ብሎ አስታወቀ። የቁጥሩ መግጠም አጋጣሚ ነው፤ ምክንያቱ ግን በከፊል ይመሳሰላል፦ ከውጭ የገባ አዳኝ ዓሣና ልክ የሌለው ማስገር። ሲፓዳን ላይ ግን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2004 ሆቴሎቹን ከደሴቷ አስወጣ፤ በቀን የሚገባውንም ጠላቂ በቁጥር ወሰነ። ፎቶውን የሚያጋራው ሁሉ ይህን አይጽፍም።

እዚህስ ሕግ ጠፍቶ ነው? የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ አልፎታል። ዩኔስኮም ጣናን እ.ኤ.አ. በ2015 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። የርብ ወንዝ ላይ ግድብ ሲሠራ ግን ዓሣው በየት ይውጣ ብሎ የጮኸ ስንት ሰው ነበር?

"ድሃው አስጋሪ ምን ይብላ?" የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሚጠየቀው ግን ሐይቁ ይዘጋ አይደለም። ቆሮሶና አምባዛ በሌላው የሐይቁ ክፍል ይጠመዱ፤ የወንዞቹ አፍ ብቻ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይለቀቅ። መረብ አልባ ለሚውለው አስጋሪም የክልሉ መንግሥት ለእምቦጭ ዘመቻ እንዳደረገው ሁሉ ገንዘብ ይፈልግለት።

"በዚህ ጦርነት መሃል ፎገራ ወርዶ መረብ የሚቆጣጠር ማን ነው?" ለሚለውም መልስ አለ። ዓሣው የሚሸጠው ባህር ዳር ነው። የከተማው ሆቴሎችና ዓሣ ቤቶች በእነዚህ ወራት እንቁላል ያዘለ ነጭ ዓሣ አንገዛም ለማለት የማንንም ፈቃድ አይጠብቁም። ደንበኛውም ጉላሽ ሲያዝ የምን ዓሣ እንደሆነ ይጠይቅ።