መካኒክ ልትሆን ነው ያስተማርኳት?

ዛሬ ስለ አውሮፕላን ልጽፍላችሁ ነው። የመጋቢ ሚስት ስለ አውሮፕላን ምን ታውቃለች እንዳትሉኝ፤ ነገሩን ያመጡብኝ አንድ የእንፍራንዝ ባልና ሚስት ናቸው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስንጓዝ ቤታቸው ለምሳ አረፍን። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ልጅ አለቻቸው። የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሺያን መሆን እፈልጋለሁ ብላ ቤቱን አምሳዋለች። እናትየው ቡናውን እየቀዳች፣ “እታለም፣ የወንድ ሥራ ነው ብላት አልሰማ አለችኝ” አለች። አባትየው መምህር ነው። “ዐሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኳት መካኒክ ልትሆን ነው? ዲግሪ ትያዝ እንጂ!” አለ። ባለቤቴ ዝም አለ፤ እንዲህ ባለው ጊዜ ዝም ማለት ያውቅበታል። እኔ አላውቅበትም።

የእናትየውን ቶሎ ልመልሰው። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የተወለዱት እዚሁ ባሕር ዳር ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር አጥንተው ከተመረቁ በኋላ ወደ አብራሪነት ሥልጠና ገቡ። ለዓመታት በረዳት አብራሪነት ሠርተው በጥቅምት 2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆኑ። ያን ቀን በኪው 400 አውሮፕላን ወዴት የበረሩ ይመስላችኋል? ወደ ጎንደርና ወደ አክሱም! በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ አብራሪዎቹም አስተናጋጆቹም ሴቶች በሆኑበት በረራ ከአዲስ አበባ ባንኮክ ደርሰዋል።

የአባትየው ጥያቄ ግን ይከብዳል፤ የብዙዎቻችን ጥያቄ ነውና። እጁ ዘይት የነካ ሰው ትምህርቱን ያቋረጠ ይመስለናል። እስቲ ሥራውን እንየው። አዲስ አበባ ያለው የአየር መንገዱ ማሠልጠኛ ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ይባላል። አብራሪዎችን፣ የበረራ አስተናጋጆችንና የጥገና ቴክኒሺያኖችን ያሠለጥናል፤ የቴክኒሺያኑ ሥልጠና ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ሠልጣኞች የአውሮፕላኑን አካል፣ ሞተሩን፣ የኤሌክትሪክና የመገናኛ መሣሪያዎቹን ይማራሉ። ፊዚክስ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ የማይሆንለት አይዘልቅም፤ የጥገና መመሪያው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ተጠግኖ የወጣ አውሮፕላን ፈቃድ ያለው ባለሙያ መርምሮ ካልፈረመበት አይነሣም። ሁላችንም ተሳፍረን ቀበቶ የምናስረው ያን ፊርማ አምነን ነው።

ደግሞም ትምህርቱ በምረቃ አያበቃም። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አየር መንገዱ ከአፍሪካ የመጀመሪያ ሆኖ ቦይንግ 787ን ሲረከብ፣ የአዲሱ አውሮፕላን ክብደት ግማሽ ያህሉ በካርቦን ክር ከተጠናከረ ውሑድ ነገር የተሠራ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ አሉሚኒየም ሲቀጠቅጥና ሲበሳ የኖረ ሰው እንደገና ደብተር መያዝ ነበረበት። ለእያንዳንዱ ዓይነት አውሮፕላን ሌላ ሥልጠና፣ ሌላ ፈተና አለ። ካፒቴኖቹም ቢሆኑ ፀጉራቸው ሸብቶ በየስድስት ወሩ ሲሙሌተር ውስጥ ገብተው ይፈተናሉ። ሲሙሌተር ማለት መሬት ላይ የተተከለ፣ እንደ አውሮፕላን የሚናወጥ የበረራ ክፍል ነው፤ እዚያ ሞተር ይጠፋል፣ እሳት ይነሣል፣ አብራሪው ምን እንደሚያደርግ ይታያል።

ይህን ስነግረው መምህሩ ሳቀና፣ “እኔን በየስድስት ወሩ የሚፈትነኝ ቢኖር በጀመሪያው እወድቅ ነበር” አለ። ሚስቱም ሳቀች። እኔ ግን ብዙ ቤቶች ትዝ አሉኝ። ሚስት የማታ ትምህርት ልጀምር ስትል ፊቱ የሚጠቁር ባል አለ። ባል ለፈተና ሲያጠና “አሁን በዚህ ዕድሜህ?” የምትልም አለች። የአብራሪ ሚስት እንዲህ ብትል ባሏ ሥራውን ያጣል!

በዚህ ዘርፍ ሌላም በር አለ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ስትሠራ፣ ወጣት ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ከቻይናውያን ጋር አብረው እየሠሩ ተምረዋል። ሥራዋ ይመራ የነበረውም ከእንጦጦ ነው። ዲግሪ ይሻላል ለሚል ወላጅ ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋሸራ የተባለ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ አለው። አገራችን የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፍባት በመሆኗ የላይኛው አየር እዚህ ለየት ያለ ጠባይ አለው፤ አውሮፕላኖች መንገዳቸውን የሚያውቁበትን የጂፒኤስ ሞገድ ያዛባል። ይህንን የሚያጠኑ ሰዎች ከእንፍራንዝ ሩቅ አይደሉም።

አንድ ነገር ለባልና ሚስት ለብቻ ልንገራችሁ። ድርጅት ወጪውን ችሎ ሲያሠለጥን ሠልጣኙ ለተወሰነ ዓመት ሊያገለግል ውል ይገባል፤ ዋስም ይጠየቃል። ውሉን ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ አንብቡት። አንዱ ሳያውቅ ሌላው የፈረመው ዋስትና የስንቱን ቤት ሰላም እንዳናጋ በምክር ክፍላችን አይተናል። ልጃችሁም ራሷ ታንብበው፤ የምታገለግለው እሷ ናት።

ደግሞ አንድ ፍርሃት አለኝ፤ አልደብቃችሁም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በክልላችን ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ታውቃላችሁ። የዚህች ልጅ ጭንቀት የወንድ ሥራ የሴት ሥራ የሚለው አይደለም፤ የፊዚክስ አስተማሪዋ ከገባ ስንት ሳምንቱ ነው የሚለው ነው።

ባለፈው ሰሞን አባትየው ደወለልኝ። “እኅቴ፣ ከባሕር ዳር የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ከነመልመጃው ብትልኪልኝ” አለ። ለልጅቷ ነው? ብዬ ጠየቅሁት። “መጀመሪያ እኔ ላንብበው፤ ማታ ማታ አብረን እንሠራለን” አለኝ።