አጥቂ ብቻ ዋንጫ ያመጣል?

ክረምት በገባ ቁጥር በሠፈራችን የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች ክርክር ያው ነው፤ «አቡበከር ናስር ለምን ተሸጠ? የሱን ዓይነት አጥቂ ይገዛልን!» ልጁ በ2013 ዓ.ም. 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። እንጀራው ነውና ማን ይከለክለዋል? ግን ያን 29 ጎል ባገባበት ዓመት ዋንጫውን የወሰደው ፋሲል ከነማ ነው፤ እኛ ሁለተኛ ወጣን። ታዲያ የጎደለን አጥቂ ነበር እንዴ? በበኩሌ ክለቡ ገንዘቡን በአንድ ስም ላይ ከሚያፈስ፣ ውላቸው የሚያልቅ ተከላካዮችን አስቀድሞ ቢያስፈርም፣ ከወጣት ቡድኑም ሁለት ሦስት ልጅ ቢያሳድግ ይሻላል እላለሁ። ይህን በመጻፌ «የጊዮርጊስ ሰው ነው» የሚለኝ አይጠፋም። በ2003 ዓ.ም. ቡና ዋንጫውን ሲያነሳ ድምፄ እስኪዘጋ የጮህኩ ሰው ነኝ።